የጎጃምን ተራራ ፎቶ ማንሳት፦ ከጮቄ አናት እስከ ዓባይ በረሃ

ጮቄ ወጥተው ፎቶ ያነሱ ሰዎች ሲመለሱ የሚያሰሙት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ "በዓይኔ ሳየው ልቤን ነበር የነካው፣ ፎቶው ላይ ግን ሜዳ መሰለ።" ካሜራው አልዋሸም። ጮቄ እንደ ስሜን ተራሮች በሹል ጫፍና በቀጥ ያለ ገደል የሚታይ ተራራ አይደለም። ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጭን ላቫ እየፈሰሰና እየተደራረበ የሠራው፣ መሬት ላይ በጀርባው እንደተደፋ ጋሻ ሰፊና ለስላሳ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ግን ከፍታው በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ስለተበተነ ዓይን እንጂ ሌንስ አያየውም። በዚያው ምድር ደቡባዊ ጫፍ ደግሞ ደጀን አለች፤ ከእሷ ወዲያ መሬቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይ ላይ ያርፋል። አንዱ ቦታ ቁመቱን ይደብቃል፣ ሌላው ጥልቀቱ ከካሜራ አቅም በላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ሁለት ችግሮች መፍትሔ ነው። ስልክ ብቻ የያዘም ይጠቀምበታል፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ለብቻው አነሳዋለሁ።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ከዕቃ በፊት ወር ይመረጣል። ክረምት አረንጓዴ ነው፣ ግን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይዘጋል፣ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ጮቄ ላይ በረዶና መብረቅ የተለመደ ነው። በክረምት የሚሄድ ሰው ሥራውን ከረፋዱ በፊት ይጨርስ።

መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ አደይ አበባው በየዳገቱ ወጥቷል፣ ቆየት ብሎ የኑግ ማሳው ቢጫ ይሆናል፣ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። ጥቅምትና ኅዳር አየሩ ከምንም ጊዜ የጠራ ነው፤ ከጮቄ ትከሻ ላይ ሆናችሁ ሩቅ ያለውን ሸንተረር ጥርት አድርጋችሁ የምታነሱት በዚህ ወቅት ነው። ገብሱና ጤፉ ይበስላል፣ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይጥላል። ታኅሣሥና ጥር የአጨዳና የአውድማ ጊዜ ነው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ብዙ ሰው አይወደውም። አቧራውና የእሳት ጭሱ ሩቁን ያደበዝዘዋል። እኔ ግን ለሸንተረር ፎቶ ከሆነ አልጠላውም፤ ጭጋጉ እያንዳንዱን ሸንተረር ከኋላው ካለው ይለየዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ግን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካለው አይውጣ።

2. የፀሐይዋን ሰዓት እወቁ

ከአውሮፓ የመጡ መመሪያዎች ስለ ጠዋትና ማታ ብርሃን ሲጽፉ ዘና ብለው ነው። እዚያ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ትወጣለች። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 እና በ11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ግን ፀሐይ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ከአድማስ ብቅ ካለች በኋላ ለስላሳውና ቢጫው ብርሃን የሚቆየው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ከወጣች አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የማሳው ጥላ አጥሮ መልኩ ይጠፋል።

የምትወጣበት ሰዓትም ከወር ወር ይለያያል። በግንቦት መጨረሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ሳይሞላ ትወጣለች፤ በጥር አጋማሽ ግን 1 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ኅዳር ላይ ማታ 12 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ትጠልቃለች። ይህ ለጥ ባለ አድማስ ነው፤ ከምሥራቅ ሸንተረር ካለ ብርሃኑ እናንተ ጋር ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ፀሐይ ከመውጣቷ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ትሪፖዱ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያው) ተተክሎ፣ ፍሬሙ ተመርጦ መጠበቅ አለባችሁ። ከመውጣቷ በፊት ያለው ሰማያዊ ብርሃንም ለዓባይ ሸለቆ ከፀሐዩ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እኩለ ቀን ላይስ? በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 18 ገደማ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ዛፍ እንኳ ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል። በእነዚህ ወራት ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ካሜራውን ከቦርሳ አታውጡ፤ ቦታ ቃኙበት።

3. ዋዜማውን ቃኙ

25 ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ቦታ ፍለጋ አይሮጥም። ከሰዓት በኋላ ሂዱና ነገ የምትቆሙበትን ቦታ ለዩ። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ አድርጎ ወደ ድጓ ጽዮን የሚሄደው መንገድ ጮቄን ስለሚያቋርጥ በእግር ብዙ ሳትደክሙ ከፍታ ላይ ትደርሳላችሁ። በስልካችሁ ኮምፓስ ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ ያዙ፤ በታኅሣሥ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ጎግል ኧርዝ ላይ ሸንተረሩን እያዞራችሁ ማየትም ይረዳል። የምትቆሙበት ድንጋይ ላይ ሆናችሁ በስልክ አንድ ፎቶ አንሱና ቦታውን መዝግቡ፤ በጨለማ ስትመጡ ያው ድንጋይ አይታወቅም።

የአየር ትንበያ ስለ ከተማው ይናገራል፤ ስለ ተራራው የሚያውቀው እረኛውና ገበሬው ነው። ሰላምታ አስቀድሙ፣ ከዚያ ጠይቁ። "አያ፣ ነገ ጠዋት ጉም ይኖር ይሆን?" ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ "ሌሊቱ ከጠራ ውርጭ ነው፤ ጉሙ ታች ወንዙ ላይ ይተኛል።" ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከላይ ቆማችሁ ወደ ታች እንድታነሱ ትነግራችኋለች። ሌሊቱ ደመና ከሆነ ደግሞ ጉሙ እናንተኑ ይውጣችኋልና ለቅርብ ነገር ተዘጋጁ።

4. ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ

ጮቄ አናት ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ስድሳ ከመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ታች ሳላችሁ ቀላል የነበረ ቦርሳ እዚያ ይከብዳል። ስለዚህ የማትጠቀሙበትን ሌንስ ቤት ተዉት።

ለጮቄ አንድ ሌንስ ብቻ ምረጥ ብባል ከ70 እስከ 200 ሚ.ሜ ያለውን ቴሌፎቶ (ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ) እይዛለሁ። ሰው ሁሉ ለመልክዓ ምድር ዋይድ ሌንስ ይላል፤ ዋይድ ግን ሩቅ ያለውን ያሳንሳል፣ እዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ማሳነስ ጠላታችን ነው። 55–250 የሚባለው ርካሽ ሌንስም ይበቃል፤ በዚህ ሥራ ኤፍ 8 (የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ የሚያደርግ ቁጥር) ላይ ስለምትቆዩ የውዱ ጥቅም ያን ያህል አይታይም። ዋይዱ፣ ከ16 እስከ 24 ሚ.ሜ ያለው፣ ለዓባይ፣ ለከዋክብትና ለቅርብ ጅብራ (በውርጭ ተራራ ላይ ለሚበቅለው ረጅም ተክል) ይጠቅማል።

ትሪፖድ ላይ አትቆጥቡ። የጮቄ ነፋስ ቀጭኑን ያንቀጠቅጠዋል። መካከለኛውን ምሰሶ አታውጡ፣ ቦርሳችሁን ከሥሩ አንጠልጥሉ፣ እግሮቹን አሳጥራችሁ ዝቅ በሉ። ትሪፖድ የሌለው ካሜራውን በጤፍ ወይም በሩዝ በተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ አስደግፎ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥ፤ ከመጥፎ ትሪፖድ ይሻላል።

ፖላራይዘር ፊልተር ከሁሉም ፊልተር በፊት ይገዛል። ከቅጠልና ከእርጥብ ድንጋይ ላይ ነጸብራቁን ያነሳል፣ ጭጋጉንም ትንሽ ይገፋል። በደንብ የሚሠራው ፀሐይ በጎናችሁ ስትሆን ነው። ከ24 ሚ.ሜ በሚሰፋ ሌንስ ግን ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹን ነጣ ያለ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ አውልቁት።

ባትሪ ብርድ ይጎዳዋል። ትርፉን ከውስጥ ኪሳችሁ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙ። በየሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ደብረ ማርቆስ የተመቻችሁ ልብስ ጮቄ ላይ 10 ዲግሪ ያንሳል። ጓንት፣ ኮፍያ፣ የራስ መብራት፣ ውኃ፣ ለስንቅም ቆሎ ወይም በሶ ያዙ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ያልበዋል።

5. ካሜራውን ማስተካከል

ትሪፖድ ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) የፈለገውን ያህል ይቆይ። ከኤፍ 16 በላይ አትሂዱ፤ ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ አጥፉ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ። በእጅ ሲሆን ሻተሩ ከሌንሱ ቁጥር አይነስ፤ በ200 ሚ.ሜ ቢያንስ 1/200 ሰከንድ፣ ነፋስ ካለ ከዚያም ይፍጠን፤ ለዚህም አይኤስኦውን ወደ 400 ወይም 800 ማሳደግ ምንም አይደለም።

ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ብርሃን ስትለኩ ስክሪኑን አትመኑ፤ በጮቄ ፀሐይ ስክሪን ሁሉ የጨለመ ይመስላል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፤ የቀኙ ጫፍ ከግድግዳው ጋር ከተጋጨ የደመናው ነጭ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) ቀንሱ።

ስልክ የያዛችሁ መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ፤ የደበዘዘ ፎቶ ግማሹ የጣት ቅባት ነው። ደመናው ላይ ተጭናችሁ ቆዩና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ወደ ታች ሳቡት። በሁለት ጣት ዙም አታድርጉ፤ ስልኩ የራሱ ቴሌ ሌንስ ካለው እሱን ብቻ ተጠቀሙ።

6. ጮቄ ላይ፦ ለስላሳውን ተራራ እንዴት እናቁመው

አናቱ ላይ ቆሞ አናቱን ማንሳት አይቻልም። ብዙ ሰው ጫፍ ሲደርስ ካሜራውን ያወጣል፣ የሚያገኘውም የጓሳ ሣርና ሰማይ ነው። ከጫፉ ዝቅ ያለ ትከሻ ፈልጉ፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን ሸንተረር ታነሳላችሁ።

ቴሌፎቶውን ከ100 እስከ 200 ሚ.ሜ አድርጉና ሸንተረሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደራረቡበትን ማዕዘን ፈልጉ። ከጮቄ ዙሪያ ሙጋ፣ ጨሞጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ወንዞች በየአቅጣጫው ወደ ዓባይ ስለሚወርዱ ተራራው በሸለቆ የተሸነሸነ ነው። ሸንተረሩን በርዝመቱ ካያችሁት ለጥ ይላል፤ በአግድም ካያችሁት ግን አራት አምስት እጥፍ ይሆናል። እዚህ ቦታ 50 ሜትር ወደ ጎን መራመድ ሌንስ ከመቀየር ይበልጣል።

ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የገብሱ፣ የድንቹና የታረሰው ማሳ ድንበር፣ እርከኑ፣ የሞፈሩ መስመር ሁሉ የሚታየው ጥላ ሲጥል ነው። ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነች ማሳው ሁሉ እኩል በርቶ ካርታ ይመስላል።

ቁመት ያለ መለኪያ አይታወቅም። አንድ ጎጆ፣ አንድ በቅሎ የሚነዳ ሰው፣ ባና የለበሰ እረኛ በፍሬሙ ጥግ ካለ ተራራው ወዲያው ያድጋል። ሰውየው ትንሽ ይሁን፤ ከፍሬሙ ቁመት ሃያኛ ያህል ቢሆን ይበቃል፣ ሲተልቅ የሰው ፎቶ ይሆናል። ከሸንተረሩ ጠርዝ በላይ፣ ሰማዩ ላይ ሲቆም ጠብቃችሁ አንሱት።

ለዋይድ ሌንስ ደግሞ ጅብራ አለ። በውርጭ ሌሊት የጅብራ ቅጠሎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ መሐል ያለውን ለጋ ከብርድ ይሸፍኑታል። ጎሕ ሲቀድ ብትደርሱ በየቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነጭ የውርጭ ጥርስ ታያላችሁ። ፀሐይ ስትነካው በምሥራቅ በኩል ያለው መጀመሪያ ይቀልጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይከፈታል። ይህን ለማንሳት ጅብራውን በእናንተና በፀሐይዋ መካከል አድርጉት፤ የፀሐይዋን ግማሽ በግንዱ ከልሉ። አንድ ሜትር ያህል ቅረቡ፣ ካሜራውን ወደ ጉልበታችሁ አውርዱ። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ በ24 ሚ.ሜና በኤፍ 11 ፎከሱን 1 ሜትር ከ80 ላይ ካደረጋችሁት ከ90 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ሁሉም ጥርት ይላል። ሸንተረሩ ላይ ፎከስ ያደረገ ሰው ጅብራውን ያጣዋል።

ጅብራ ዓመታት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ፍሬም ለማሳመር ብሎ የሚሰብረውን፣ ችግኙን የሚረግጠውን ሰው ከእኔ ጋር ባይመጣ እመርጣለሁ።

7. ዓባይ በረሃ፦ ከደጀን ጠርዝ

እዚህ ችግሩ ይገለበጣል። ቁመቱ ሞልቷል፤ የጎደለው ብርሃን ነው። ጠዋት የሸለቆው አንዱ ግድግዳ ሲበራ ሌላው ጨለማ ነው፣ ካሜራ ሁለቱን አንድ ላይ አይችላቸውም። በትሪፖድ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ አንዱን በልኩ፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ (ብርሃኑን ሁለት ጊዜ በግማሽ ቀንሳችሁ) አጨልማችሁ፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ አብርታችሁ። ቤት ስትገቡ ታዋህዷቸዋላችሁ።

ከጎጃም ወገን ስትቆሙ የምታዩት ወደ ደቡብ ነው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ጠዋት ከግራ፣ ማታ ከቀኝ፣ እኩለ ቀን ከፊት ለፊት ትመጣለች። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ብቻ። ግድግዳው ራሱ የተደራረበ ነው፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ። ይህን ቀለም ለመለየት ቴሌፎቶና ፖላራይዘር ይዛችሁ የግድግዳውን አንድ ቁራጭ ብቻ አንሱ። ሙሉውን ሸለቆ በአንድ ፍሬም ማስገባት የሚፈልግ ደግሞ ካሜራውን ወደ ቁም አዙሮ፣ በማንዋል (ብርሃኑን ራሱ በእጁ ወስኖ)፣ ፖላራይዘሩን አውልቆ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ሲሶውን እየተጋራ በተከታታይ ያንሳ፤ በኋላ ፎቶዎቹ ይገጣጠማሉ።

መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ኩርባ ላይ አትቁሙ። ድልድዩ ጋ ጥበቃ አለ፤ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ካልተፈቀደ አትከራከሩ።

8. ውኃና ሐይቅ

እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው። ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ድረሱ። ፖላራይዘሩን ስታዞሩት የዛፎቹ ነጸብራቅ እንዳይጠፋ እያያችሁ ይሁን። ለወንዝና ለፏፏቴ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሻተር ውኃውን ሐር ሳያደርግ እንቅስቃሴውን ያሳያል። ግሽ ዓባይ ምንጩ የተቀደሰ ቦታ ነው፤ የአገልጋዮቹን ፈቃድና ሥርዓት ሳታውቁ ካሜራ አታንሱ።

9. ሌሊት

ጮቄ ላይ የከተማ መብራት የለም፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ምረጡ። የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ደማቁ ክፍል በመስከረምና በጥቅምት ከመሸ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ይታያል፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ በደቡብ ምሥራቅ ይታያል። 16 ሚ.ሜ፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200፣ 20 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ፎከሱን በእጅ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ነጥብ እስኪሆን አጥብቡት።

የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ በሰሜን ሸንተረር ካለ ይደበቃል። ኮከቦች በክብ ሲዞሩ የሚያሳይ ፎቶ የምትፈልጉ ወደ ሰሜን ገላጣ ቦታ ያዙ። በመጋቢት መጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ ደግሞ የደቡብ መስቀልን በደቡብ በኩል ታገኛላችሁ።

10. ሰው፣ ሕግና መብረቅ

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው አጣሩ፤ ባለፈው ወር የነበረው ወሬ አይበቃም። የወረዳውን አስተዳደር ማሳወቅና መታወቂያ መያዝ ብዙ ነገር ያቀላል። የአካባቢ ልጅ መሪ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ክፍያውን ግን ከመነሳት በፊት ተነጋገሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ፈቃዱ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው።

በማሳ ውስጥ ሰው ስትጠጉ "እግዜር ያበርታችሁ" ብላችሁ ጀምሩ። ካሜራ ከሰላምታ በኋላ ይወጣል። እምቢ ያለን ሰው በቴሌ ከሩቅ መስረቅ ነውር ነው።

መብረቅ ብልጭ ብሎ ድምፁ እስኪደርስ ቁጠሩ፤ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከሸንተረሩ ውረዱ። ትሪፖዱን አጥፋችሁ ያዙ፣ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

11. ቤት ስትገቡ

ዕለቱኑ ፎቶውን ሁለት ቦታ ቅዱ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ፓወር ባንክ ሞልታችሁ ተዘጋጁ። በላይትሩም ወይም በስልክ ከሆነ በስናፕሲድ ስታስተካክሉ ሁለት ነገር ላይ ቆጠብ በሉ። አንደኛው አረንጓዴው ነው፤ የመስከረም ጎጃም በራሱ ስለሚያብረቀርቅ ቀለሙን ስትጨምሩ ፕላስቲክ ይመስላል። እንዲያውም ትንሽ ቀንሱት፣ ወደ ቢጫ አዘንብሉት። ሁለተኛው ጭጋግ ማጥፊያው ነው፤ ከመጠን ካለፈ በሸንተረሮቹ መካከል ያለውን ርቀት አብሮ ያጠፋዋል፣ ጮቄም ተመልሶ ሜዳ ይሆናል።

ላነሳችኋቸው ሰዎች ፎቶ ለማተም ትልቅ ካሜራ አያስፈልግም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ኅትመት 2 ሜጋፒክስል ይበቃዋል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 30 በ42 ደግሞ 17 ሜጋፒክስል ያህል ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ አሳትማችሁ ሮብ ገበያ በሚወጣ መኪና ላኩ፤ ፖስታው ላይ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌውንና ጎጡን ጻፉ።